ዘመን ውል አይፈርምም

ሴሲል ቢ. ዴሚል በ1956 ለዕይታ ባበቃው ‹ዐሥርቱ ትእዛዛት› ፊልም ውስጥ የኢትዮጵያን ንጉሥ ሆኖ የተወነው ሰው ስሙ ዉዲ ስትሮድ ይባላል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ፋሲካ በመጣ ቁጥር ይህን ፊልም የምናይ ሰዎች ስለ ቻርልተን ሄስተን ጢም፣ ስለ ዩል ብሪነር መላጣ፣ ስለ ባሕሩ መከፈል ስናወራ እናመሻለን። የገዛ ንጉሣችንን ማን እንደተጫወተው ግን የሚጠይቅ የለም። እኔ ጠየቅሁ። መልሱን ሳገኝ ደሜ ፈላ። ይኸው ሰው በዚሁ ፊልም ውስጥ ሁለት ሚና ነው የተሰጠው። በአንዱ ንጉሥ ነው፤ በሌላው ባሪያ።

ለሆሊውድ ልዩነት አልነበረውማ! ጥቁር ገላ፣ ሰፊ ደረት፣ ከ1 ሜትር ከ90 የማያንስ ቁመት ከተገኘ በቃ፤ ሲያሻቸው ያነግሡታል፣ ሲያሻቸው ያሸክሙታል።

ትዕይንቱን እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። ሙሴ ኢትዮጵያን ድል አድርጎ ወደ ፈርዖን ግቢ ይገባል። ይህ ዘመቻ በኦሪት የለም፤ ከአይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ከጆሴፈስ የተቀዳ ነው። ኦሪት ዘኁልቍ የሚነግረን ሙሴ ኢትዮጵያዊት ማግባቱን፣ ማርያምና አሮንም በዚህ ምክንያት ማማታቸውን ነው። ፊልሙ ላይ ሙሴ ንጉሡን በወዳጅነት እንዳመጣው ለፈርዖን ያስረዳል። የንጉሡ እኅት ቀርባ ለሙሴ ከአገሯ ተራሮች የመጣ አረንጓዴ ድንጋይ ትሰጠዋለች፣ ደግነቱንም ታመሰግናለች። ሙሴን የምትወደው ልዕልት ነፈርቲሪ በቅናት ታያታለች። ንጉሡስ? ንጉሡ ቆሟል። ካሜራው ያን ግርማ ዐየው፣ ጠገበው፣ አለፈው። ፊልሙ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እውነተኛውን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ፕሬዝዳንት አይዘንሃወር ዋይት ሀውስ ውስጥ በክብር ተቀብለዋቸው ነበር። የኢትዮጵያ ንጉሥ አፍ እንዳለው አሜሪካ ታውቅ ነበር ማለት ነው። የፊልም ሰዎቿ ግን ማወቅ አልፈለጉም።

ይህን ባነሣሁ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው። በቀደም ዕለት ፊልም ሲያዩ ጸጉራቸው የሸበተ፣ እኔም የማከብራቸው አንድ ጋሼ ቡናቸውን እያማሰሉ ‹ምን ታደርገዋለህ ልጄ፣ ዘመኑ ነዋ!› አሉኝ።

‹ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይኼ ዘመኑ የሚሉት ሰውዬ ቢሮው የት ነው?› አልኳቸው።

ሳቁ። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም።

ዘመን ውል አይፈርምም። ዘመን ፖስተር አያትምም። ዘመን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ‹የዚህን ሰው ስም ወደ ታች አውርዱት› ብሎ አያዝም። እንዲህ የሚያደርጉት ደመወዝ የሚበሉ፣ ጸሐፊ ያላቸው፣ ከእራት በኋላ ወደ ቤታቸው ገብተው የሚተኙ ሰዎች ናቸው። ‹ዘመኑ ነው› ማለት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው። ዉዲ ስትሮድ ሃምሳ ዓመት በሞላው የሥራ ዘመኑ የደረሰበትን አንድ በአንድ ብትመረምሩት፣ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ሌላ ነገር ማድረግ ሲችል ያላደረገ ሰው ታገኛላችሁ።

ከኳሱ እንጀምር። ስትሮድ በ1914 ሎስ አንጀለስ ተወለደ። አባቱ ግንበኛ ነበሩ። ወጣቱ በዩ.ሲ.ኤል.ኤ ዩኒቨርሲቲ ሲማር በዐሥሩ የአትሌቲክስ ውድድሮች፣ በዴካትሎን፣ የታወቀ ነበር፤ ቁመናው ሠዓሊ ፊት ቆሞ እስኪሣል ድረስ ያስደነቀ። በ1939 በዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ውስጥ ከኬኒ ዋሽንግተንና ከጃኪ ሮቢንሰን ጋር ተሰልፎ ዓመቱን ሙሉ ሳይሸነፉ ጨረሱ። ከዚያስ? ከዚያ በሩ ተዘጋ። ትልቁ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ ኤን.ኤፍ.ኤል፣ ከ1934 እስከ 1945 አንድም ጥቁር ተጫዋች አላሰለፈም። ልብ በሉ፣ ‹ጥቁር አይጫወትም› የሚል የተጻፈ ደንብ አልነበረም። የቡድን ባለቤቶች በዐይን ተግባብተው የዘጉት በር ነው። ከ1934 በፊት ጥቁር ተጫዋቾች ነበሩ እኮ! ዘመን ወደ ኋላ ይሄዳል እንዴ? ሰው ነው የሚሄደው።

እንዴት እንደተከፈተ ደግሞ ስሙ። በ1946 ራምስ የተባለው ቡድን ከክሊቭላንድ ወደ ሎስ አንጀለስ መጣና ኮሊሲየም በተባለው ትልቅ ስታዲየም ለመጫወት ጠየቀ። ስታዲየሙ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ነው። የጥቁሮቹ ጋዜጦች ጸሐፊዎች ጥያቄው በታየበት ስብሰባ ላይ ተገኝተው፣ ‹ጥቁርም ግብር የከፈለበትን ሜዳ ጥቁር ለማያሰልፍ ቡድን አትሰጡም› ብለው ተሟገቱ። ቡድኑ በመጋቢት ኬኒ ዋሽንግተንን፣ በግንቦት ዉዲ ስትሮድን አስፈረመ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ‹ዘመኑ አይፈቅድም› ሲባል የኖረው ነገር ሜዳ ስለተፈለገ ብቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ተፈቀደ። ይህ የሆነው ጃኪ ሮቢንሰን በቤዝቦል ታሪክ ከመሥራቱ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው።

ስትሮድ ግን ያኔ 32ኛ ዓመቱን ሊደፍን ነበር። ጉልበቱ እሳት በነበረበት ጊዜ ከልክለውት፣ ጦርነቱን በፓስፊክ ደሴቶች ቦምብ ሲያራግፍ አሳልፎ ሲመለስ ‹ግባ› አሉት። አንድ የውድድር ዓመት ተጫውቶ ተሰናበተ። ቡድኑ ሲጓዝ ሆቴል አይቀበላቸውም ነበር፤ ነጮቹ አንድ ቦታ ያድራሉ፣ እሱና ዋሽንግተን ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ። ካናዳ ሄዶ ከካልጋሪ ጋር በ1948 የአገሪቱን ዋንጫ አነሣ። በኋላ ስለ ራምስ ዓመቱ ሲጠይቁት እንደ ክብር አላወራውም፤ የሕይወቱ ዝቅተኛው ጊዜ አድርጎ ነው ያስታወሰው። ‹የመጀመሪያው ጥቁር› የሚለውን ማዕረግ ለሚያድሉ ሰዎች ይህ መራራ መልስ ነው። በግድ የከፈታችሁትን በር እንደ ስጦታ አትቁጠሩት!

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ሆሊውድ የገባው። ልጆች አሉት፤ ለእንጀራው ነፃ ትግል እየታገለ ጎን ለጎን ካሜራ ፊት ይቆማል። ምን ሰጡት? በ1952 ‹አንድሮክሊስ እና አንበሳው› በተባለው ፊልም አንበሳውን እንዲጫወት አደረጉ። አዎ፣ አንበሳውን! ጥቁሩን አትሌት የአንበሳ ቆዳ አልብሰው ፊቱን ሸፈኑት። በቴሌቪዥን ‹ራማር ኦቭ ዘ ጃንግል› የሚባል ተከታታይ ነበር፤ አንድ ነጭ ሐኪም በጫካ ውስጥ ‹አረመኔዎችን› የሚያድንበት። እዚያም ስትሮድ ጦር ይዞ ቆመ። በታርዛን ፊልሞችም ቆመ። በግላዲያተር ፊልምም ቆመ። አሥር ዓመት ያህል የሰውየው ሥራ መቆም ነበር።

በ1959 ‹ፖርክ ቾፕ ሂል› መጣ። ይህ ለእኛ ቅርብ ነው። ፊልሙ የተሠራው ከኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል የኮሪያ ጦርነት መጽሐፍ ሲሆን፣ መጽሐፉ ስለ ኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ጀግንነት የሚተርኩ ምዕራፎች አሉት። እኛ ከመጽሐፉ ወደ ፊልሙ አልተሻገርንም። ስትሮድ ግን ተሻገረ፤ የተሰጠው ሚና ከውጊያ የሚሸሽ ወታደር ነው። ጥቁር ሲሆን ፈሪ፣ ይገርማችኋል? ሆኖም ሰውየው ከዚያ ሚና ምን እንዳወጣ ተመልከቱ። ግሪጎሪ ፔክ የሚጫወተው ሌተና ሲያፋጥጠው፣ አገር ቤት ምን ዓይነት ቦታ እንደሚኖር ብታይ ለዚያም እንኳ መሞቴን እጠራጠራለሁ፣ ለኮሪያ ግን በጭራሽ አልሞትም የሚል መልስ ይሰጠዋል። ድምፁ አይንቀጠቀጥም። የፈሪ ሚና ሰጡት፤ እሱ ግን ክስ አድርጎ መለሰላቸው።

ከዚያ 1960፣ ‹ስፓርታከስ›። ይህን ትዕይንት ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ ባየሁት ቁጥር ግን እቆጣለሁ። ስትሮድ ድራባ የተባለውን ጥቁር ግላዲያተር ሆኗል። መጀመሪያ ላይ ስፓርታከስ ስሙን ሲጠይቀው ሊነግረው አይፈልግም፤ የአንተንም ማወቅ አልሻም ይለዋል። ነገ ሊገዳደሉ ይችላሉና ስም ምን ያደርጋል? ከዚያ ከሮም የመጡ ሴቶች እየሳቁ የሚጋደሉላቸውን ወንዶች ይመርጣሉ። ድራባና ስፓርታከስ ፊት ለፊት፣ በጠባብ የእንጨት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከውጭ ከእነሱ በፊት የገቡት ሁለቱ ሲጋደሉ ይሰማል። እዚህ ላይ ስትሮድ ቃል የለውም። ስፓርታከስን የሚጫወተውን ኪርክ ዳግላስን ያየዋል፣ ፊቱን ያዞራል፣ እንደገና ያየዋል። የሚገድለውን ሰው እያየ መሆኑን ያውቃል፤ ማዘኑንም እናውቃለን። አንድ መስመር ሳይናገር ይህን ያደረገ ተዋናይ ‹ጡንቻ ብቻ ነው› የተባለበት አገር ነው አሜሪካ!

ሜዳ ገቡ። ድራባ መረብና ባለሦስት ጣት ጦር፣ ስፓርታከስ አጭር ሰይፍና ትንሽ ጋሻ ይዘዋል። ድራባ አሸነፈ። ጦሩን በስፓርታከስ ጉሮሮ ላይ ደቅኖ ቆመ። ከላይ ያሉት ‹ጨርሰው› ይሉታል። እሱ ግን ዞር ብሎ ጦሩን ወደ ተቀመጡበት ሰገነት ወረወረ፣ ተከትሎም ወደ እነሱ መውጣት ጀመረ። ዘበኛ ከኋላው በጦር ወጋው። ሎረንስ ኦሊቪዬ የሚጫወተው ክራሰስ ከመቀመጫው ጎንበስ ብሎ ማጅራቱን አረደው። ሬሳውን ለሌሎቹ መቀጣጫ ዘቅዝቀው ሰቀሉት። ዐመፁ የፈነዳው ከዚህ በኋላ ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ የሚረዝመው ያ ሁሉ ፊልም፣ ያ ሁሉ ጦርነት፣ ያ ሁሉ የነፃነት ንግግር መነሻው የአንድ ጥቁር ሰው ‹አልገድልም› ማለት ነው።

ሽልማቱ ሲታደልስ? ስትሮድ ለጎልደን ግሎብ በረዳት ተዋናይነት ታጨ፤ አላገኘውም። የኦስካር ሰዎች ዕጩ ዝርዝር ውስጥ እንኳ አላስገቡትም። ከዚያ ፊልም የምርጥ ረዳት ተዋናይ ኦስካርን የወሰደው ፒተር ዩስቲኖቭ ነው። የተጫወተው ማንን መሰላችሁ? የግላዲያተሮቹን ባለቤት፣ ባሪያ ነጋዴውን! ዩስቲኖቭ ግሩም ተዋናይ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ስለ ባሪያዎች ዐመፅ ከተሠራ ፊልም ለባሪያ ጌታው ሐውልት ሰጥተው፣ ዐመፁን በደሙ ለለኮሰው ጥቁር ወንበር የነፈጉት ድምፅ የሰጡ ሰዎች ናቸው። ወረቀት ላይ ስም ጽፈዋል። ዘመን አልጻፈላቸውም።

በዚያው ዓመት አዘጋጁ ጆን ፎርድ ‹ሳጅን ራትሌጅ›ን ሠራ። ስቱዲዮው ይበልጥ የታወቁ ስሞችን ሲፈልግ ፎርድ ስትሮድን ነው ያለው። ራትሌጅ ነጭ ልጅ ደፍረሃል፣ ገድለሃል ተብሎ በሐሰት የተከሰሰ የዘጠነኛው ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ሳጅን ነው። ማምለጥ ሲችል ጓደኞቹ ጠላት ወደ ደገነው ወጥመድ ሲሄዱ አይቶ ሊያድናቸው ይመለሳል። ፍርድ ቤት ቀርቦ ለምን እንደተመለሰ ሲናገር፣ ክፍለ ጦሩ ቤቱ፣ ነፃነቱና ራሱን የሚያከብርበት ቦታ መሆኑን ሲገልጽ፣ ድምፁ ከደረቱ ሥር ነው የሚወጣው። ሰውየው ፈረስ ጋልቦ የፔኮስን ወንዝ የተሻገረበትን ትዕይንት ዕድሜውን ሙሉ በኩራት አንሥቶታል፤ ወንዙን ሲሻገር ወገኑን ሁሉ ይዞ እንደተሻገረ ነበር የቆጠረው። ፊልሙ በእሱ ገጸ ባሕርይ ስም ተሰይሟል። ማስታወቂያው ላይ ቀድሞ የተጻፈው ስም ግን የጄፍሪ ሀንተር ነው። ጠበቃውን የተጫወተው ነጭ ተዋናይ! ‹ሳጅን ራትሌጅ› ብላችሁ ለፊልሙ ስም ስታወጡ ያላፈራችሁትን፣ ራትሌጅን የተጫወተውን ከፊት ስታስቀድሙ ነው የምታፍሩት?

ሁለት ዓመት ቆይቶ ‹ሊበርቲ ቫላንስን የገደለው ሰው› ላይ ፖምፒ ሆነ፣ የጆን ዌይን አሽከር። ስትሮድ ያኔ 47 ዓመቱ ነው፤ ፊልሙ ውስጥ ግን ‹ልጄ ፖምፒ› ይባላል። አንድ የመማሪያ ክፍል ትዕይንት አለ። ፖምፒ ተነሥቶ የአሜሪካን የነፃነት ዐዋጅ በቃሉ ይወጣል፤ ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል የሚለው ቦታ ሲደርስ ቃሉ ይጠፋበታል። መምህሩ ጄምስ ስቱዋርት ያን ክፍል ብዙ ሰው ይረሳዋል ሲል ያጽናናዋል። ብልህ ትዕይንት ነው፤ ፎርድ ምን እያለ እንደሆነ ያውቃል። ግን በዚያው ፊልም የከተማው ወንዶች ሊመርጡ ሲሰበሰቡ ፖምፒ ጠመንጃ ይዞ ከውጭ ይቀመጣል። በዚያ ላይ ፎርድ ይህንኑ ተዋናይ በሌሎች ፊልሞቹ ኮማንቺ አድርጎታል፣ ሞንጎልም አድርጎታል። ሌሎችም አፓቺ አደረጉት። ነጭ ካልሆንክ ማንም ነህ፤ ማንም ደግሞ ማንንም ይተካል። ፎርድ ታምሞ ሳለ ስትሮድ አራት ወር ከወለሉ ላይ ተኝቶ አስታምሞታል፤ በ1973 ሲሞትም አጠገቡ ነበር። በመካከላቸው እውነተኛ ፍቅር እንደነበር አልጠራጠርም። ፍቅር ግን ፖስተር ላይ ስም አያስቀድምም።

‹ሰውየው ችሎታው ውስን ነበር፣ ብዙ መናገር አይሆንለትም› የሚሉኝም አሉ። መልካም! እስቲ ጆን ዌይን ስንት ዓይነት ፊት ነበረው? ክሊንት ኢስትዉድ በአንድ ፊልም ስንት ዐረፍተ ነገር ይናገራል? ቻርልስ ብሮንሰንስ? ነጩ ዝም ሲል ‹ጥልቅ ነው፣ ሆዱ አይታወቅም› ይባላል። ጥቁሩ ዝም ሲል ‹የሚለው የለውም›። አንዱ ዝምታ በሚሊዮን ዶላር ሲከፈል ሌላው በቀን አበል ነው የታለፈው። ችሎታን በሁለት ሚዛን ከለካችሁ በኋላ ስለ ችሎታ አታስተምሩኝ።

ሚዛኑ ሁለት ለመሆኑ ጣልያን ምስክር ነች። በ1961 ኢስትዉድ በቴሌቪዥን ‹ሮውሃይድ› ላይ ከብት እየነዳ ሳለ ስትሮድ በእንግድነት መጥቶ በአንድ ክፍል ጥቁር ወታደር ሆኖ ተጫውቷል። ሁለቱም በየተራቸው ጣልያናዊው አዘጋጅ ሰርጂዮ ሌዎኔ ፊት ቆሙ። ኢስትዉድ በ1964 ጀመረ፤ ባለ ፖንቾውን ሰው ተጫውቶ የዓለም ኮከብ ሆነ። ስትሮድ በ1968 ‹በአንድ ወቅት በምዕራቡ› ላይ ገባ። መክፈቻውን ያየ አይረሳውም። ሦስት ወንበዴዎች ባዶ ባቡር ጣቢያ ላይ ይጠብቃሉ። ሙዚቃ የለም። የንፋስ መዘውር ይንቋቋል፣ ዝንብ ይጮኻል። ስትሮድ ከውኃ ታንከር ሥር ቆሟል። ጠብታ መላጣው ላይ ታርፋለች። ጠብ። አይንቀሳቀስም። ጠብ። ወደ ላይ ያያል፤ ቦታውን ግን አይለቅም፤ ባርኔጣውን ራሱ ላይ ይደፋና ጠብታው ባርኔጣው ላይ ይጠራቀም ጀመር። ባቡሩ ሲደርስ አውልቆ ውኃውን ይጠጣዋል፣ አጭሩን ጠመንጃም ያዘጋጃል። ይኼ ነው እንግዲህ ‹ችሎታው ውስን› የተባለው! ሌዎኔ ካሜራውን እዚያ ፊት ላይ አስጠግቶ ሲያቆየው ምን እንደያዘ ያውቃል። ግን ብሮንሰን ከባቡር ወርዶ ይገድለዋል። ከዚያ ፊልም ብሮንሰን የአውሮፓ ኮከብ ሆኖ ወጣ፤ ቆይቶም ሆሊውድ በክብር ተቀበለው። ስትሮድ በመጀመሪያው ትዕይንት ሞቶ ቀረ።

በዚያው 1968 ቫሌሪዮ ዙርሊኒ የተባለው ጣልያናዊ አዘጋጅ ከኮንጎው መሪ ከፓትሪስ ሉሙምባ ሕይወት በመነሣት ለሠራው ፊልም ስትሮድን መሪ ተዋናይ አደረገው። ተይዞ የሚሠቃይ፣ መሣሪያው ቃል የሆነ የአፍሪካ መሪ። ሉሙምባ ከተገደለ ሰባት ዓመት ብቻ ነበር ያለፈው። ጊዜው ያው ነው፤ የሰውየው ፊትም ያው ነው። አንዱ አዘጋጅ በዚያ ፊት ላይ የአህጉር ሰቆቃ አየ፤ ሌሎቹ የአንበሳ ልብስ የሚሸከም ትከሻ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የዘመኑ ነው ወይስ የሚያየው ዐይን?

‹ሲድኒ ፖይቲየስ? በዚያው ዘመን ኦስካር ወሰደ አይደል?› ይሉኛል። አዎን፣ ለ1963ቱ ሥራው ወስዷል፤ የሚገባው ነው። ይህ ግን የእኔን ክርክር ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ዘመኑ ለፖይቲየ ከተከፈተ ዘመኑ ዝግ አልነበረም ማለት ነዋ! ለአንድ ጥቁር በሩን ከፍቶ ‹ሞላ› ያለው የበሩ ጠባቂ ነው። አንድ ሰው አስገብቶ ሺውን ማሰናበት ከጥንት የነበረ ዘዴ ነው፤ ለሺው ስንከራከር አንዱን እየጠሩ ያፋጥጡናል።

እኛስ? እኛም ከክሱ ነፃ አይደለንም። በየሲኒማ ቤቱ የካውቦይ ፊልም እያየን ስናድግ ‹አክተር አይሞትም› እያልን ነበር የምናጨበጭበው። አክተሩ ማን ነው? ሞት የማይነካው ነጩ። በመጀመሪያው ትዕይንት የሚወድቀው ጥቁር ሲወድቅ ‹ቆይ፣ ይኼ ሰውዬ ለምን ቶሎ ይሞታል?› ያለ ከመካከላችን ስንቱ ነው? የኢትዮጵያ ንጉሥ ሆኖ ሲመጣ እንኳ ስሙን ለማወቅ ፊልሙ ካለቀ በኋላ የሚያልፈውን ጽሑፍ አላነበብንም። የሰው ዐይን ተውሰን ራሳችንን አየን።

ስትሮድ በ1994 የመጨረሻ ቀን በ80 ዓመቱ ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት አንድ የካርቱን ፊልም ወጣና ዓለምን አጥለቀለቀ፦ ‹ቶይ ስቶሪ›። ባርኔጣ ያጠለቀ፣ ልጆቻችን ቦርሳ ላይ ሳይቀር የታተመው የካውቦይ አሻንጉሊት ስሙ ዉዲ ነው። የፊልሙ ሰዎች ራሳቸው እንደተናገሩት ስሙን የወሰዱት ከዉዲ ስትሮድ ነው። ለክብሩ መሆኑ ነው። አሻንጉሊቱ ግን ነጭ ነው! ሃምሳ ዓመት ገላውን ወስደው ስሙን ከታች ጻፉ፤ ሲሞት ስሙን ወስደው ገላውን ተዉት። ይህን ያደረገውም ‹ያ ዘመን› አይደለም፤ የእኛው ዘመን ነው። አሻንጉሊቱን የሠራው በክፋት ነው አልልም። ማንም ልብ አላለውም፣ አለቀ። የእኔ ንዴትም እዚሁ ላይ ነው፤ አብዛኛው በደል የሚፈጸመው ልብ ባለማለት ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ስለ አሜሪካ ብቻ ለመናደድ አይደለም። የራሳችንን ፊልምና ድራማ እስቲ ክፈቱ። ዘበኛው ከገጠር የመጣ ነው፤ አነጋገሩ መሳቂያ ነው። የቤት ሠራተኛዋ ትሰርቃለች ወይም ትሰበራለች፤ ስሟን የሚያውቅ የለም። እነዚህን ሚናዎች ይዘው ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ዐይናቸው ውስጥ ንጉሥ ያለ ተዋንያን አሉን፤ ፖስተሩ ላይ ግን ፊታቸው ቀላ ያለው ቆንጆዎች ናቸው የሚደረደሩት። ደራሲው ይህን ይጽፋል፣ ፕሮዲውሰሩ ይከፍላል፣ እኛ ቲኬት እንቆርጣለን። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ የተቆጣ ልጅ ተነሥቶ ‹ለምን?› ሲል፣ ‹ዘመኑ ነበር› ብለን ልናመልጠው አንችልም። ውሉ ላይ ፊርማችን አለ።